«በርዶት ነው እንጂ!»፦ አንድ አባት ለወላጆች ያደረገው ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ተራዬን ስጠብቅ ወንዶቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነን። ሁለቱ ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክሉ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ስድስት አባት ቀረ ማለት ነው። እናቶችን መቁጠር አልቻልኩም፤ ወንበር አልቆ ግድግዳ የተደገፉም አሉ። ለመፍረድ ብዬ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ልጄ ሲመረመር እኔም አልነበርኩም። ዋሽንግተን መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ሠርቼ፣ ጠዋት ገብቼ ተኝቼ ነበር። ባለቤቴ ከክሊኒኩ ደውላ «ኦቲዝም ነው አሉኝ» ስትለኝ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ሌላ ሐኪም ጠይቂ» አልኳት። «እንጠይቅ» እንኳ አላልኩም።

ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። አብሮኝ መጥቷል፤ ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያውን አድርጎ ኮሪደሩ ላይ ከእህቱ ጋር ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። ዛሬ ስለ እሱ የማወራውን ትናንት ማታ አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። ከታሪኮቹ አንዱን ከለከለኝ፤ እሱን አትሰሙም። በአፉ የሚያወጣቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛውን የሚናገረው በታብሌት ነው። «አይሆንም» ማለትን ግን ከቤታችን ሰው ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። ደግሞ ልክ 10 ሰዓት ላይ እንደምንወጣ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ሰዓት ቆጣሪውን ከፍቶ ይዟል። የጥያቄው ጊዜ ስለሚያጥር አዘጋጆቹ ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደዘገየን ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ልጅ 18 ወርና 24 ወር ሲሞላው ስለ ኦቲዝም ይጠይቃሉ። ስሙን ስትጠሩት ይዞራል? ያስደነቀውን ነገር በጣቱ ያሳያችኋል? ዓይን ለዓይን ይተያያል? እስቲ አሁን እኛ ባደግንበት ቤት አስቡት። የአባቱን ዓይን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ «ዓይነ ደረቅ» ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ጥግ ይዞ፣ የመጫወቻ መኪና ጎማ ሲያሽከረክር የሚውለውን ደግሞ እንግዳ ሲያየው «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። በዚያ ልጅ ጨዋነት እኛም ብዙ ተመርቀናል። አፉን ሳይፈታ ሲቀር «አባቱም አራት ዓመት ሞልቶት ነው የተናገረው» የሚል ዘመድ ተገኘ። በጣም ተጽናናሁ። በኋላ እናቴን ብጠይቃት «አንተማ በዓመትህ ነው የለፈለፍከው» አለችኝ።

ቅብጥብጡ ልጅ ደግሞ ሌላ ዕጣ አለው። ሦስት ዓመቱ ላይ «እሳት የላሰ» ይባልና ይሳቅለታል፤ ሰባት ዓመቱ ላይ «ረባሽ» ይባልና ይገረፋል። ፊደል አልነበብ የሚለው ልጅ «ሰነፍ» ነው። ዛሬ ኦቲዝሙን፣ የቅብጥብጡን ልጅ ኤዲኤችዲ፣ ማንበብ የሚከብደውን ልጅ ዲስሌክሲያ ሁሉ አንድ ላይ አድርገው «ኒውሮዳይቨርጀንት» ይላሉ፤ አእምሯቸው ከብዙው ሰው በተለየ መንገድ የሚሠራ ሰዎች ለማለት ነው። ቃሉ ለአፍ ይከብዳል። አማርኛ ለነገሩ ገና ስም አላወጣለትም፤ እስካሁን ያወጣንለት ስድብ ብቻ ነው።

ከምርመራው በኋላ ያደረግነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደበቅነው። አፓርታማ ውስጥ ጓዳ የለም፤ ሰው ግን ጓዳ መሥራት አያቅተውም። ክርስትና ስንጠራ «ትንሽ አተኩሶታል» እንላለን። ሰርግ ስንጠራ ከሁለት አንዳችን እንቀራለን። እናቴ ከአገር ቤት በቪዲዮ ስትደውል «ተኝቷል»። አንድ ዓመት ሙሉ የተኛ ልጅ!

አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ወደ 45 ከመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ነገሩን ደብቆ ለመያዝ ይጥር ነበር። እነዚህ እንግዲህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው። እዚህ ደግሞ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በተጠኑት አካባቢዎች ከስምንት ዓመት ልጆች ከ31 አንዱ ኦቲዝም አለው። 200 ልጅ ያለው ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ መሆኑ ነው። ስድስቱን አይታችኋቸዋል? እኔም አላየሁም። የኔንም ያየው አልነበረም።

አራት ዓመት ሲሞላው ይዘነው አገር ቤት ሄድን፣ እናቴ ዘንድ፣ ወደ ደብረ ብርሃን። እናቴ ልጁን አይታ ምንም አላለችም። ዘመድ ግን ዝም አላለም፤ ጸበል ውሰዱት ተባልን። እኔ አማኝ ነኝ፤ በጸበል ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። የምነግራችሁን እንደዚያ አድርጋችሁ ስሙልኝ።

ጥቅምት ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ልብሱን አውልቀን አቀረብነው። ውሃው አናቱ ላይ ሲወርድ የጮኸውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። «ጮኸ! ጮኸ!» አለ ሕዝቡ፤ ከበቡን። እኔ ሁለት እጁን ይዤዋለሁ፤ ያዘው ተብዬ። አጥማቂው «ማነህ? ስምህን ተናገር!» ይለዋል። የገዛ ስሙን መጥራት የማይችለውን ልጅ። በዚህ መሀል እናቴ ከሴቶቹ ወገን እየገፋች መጣች፣ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችውና ወደ እኔ ዞራ ጮኸችብኝ። «በርዶት ነው እንጂ! ልጁ በርዶት ነው!»

ከዚያ ጸበሉን በሃይላንድ ቀድታ ቤት ይዛው ሄደች። በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ለብ ሲል በጎድጓዳ ሳህን ገልብጣ ልጁ ፊት አኖረችለትና ራቅ ብላ ስፌቷን ይዛ ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል ዞረው። ከዚያ ጣቱን ነከረ። ከዚያ መዳፉን። ኋላ ፊቱን ራሱ አበሰ። እናቴ ቀና ሳትል «ይኸው ተጠመቀ» አለች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኛ ደግሞ ሜሪላንድ ቤታችን ሻወር በከፈትን ቁጥር ልጁ እንደዚያው እንደሚጮህ እናውቅ ነበር። ውሃ አናቱን ሲነካው እንደሚያመው በየቀኑ እያየን፣ ውርጭ ላይ አቁመን አፈሰስንበት፤ ጋኔኑን ፈርተን ልጁን አላየነውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ጆሮውን ሲይዝ፣ ሲነክስ፣ መሬት ላይ ሲዘረጋ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው «ምን በርዶት ነው?» ብዬ ነው። አንዳንዴ የሱፐርማርኬቱ መብራት ጥዝዝታ ነው። አንዳንዴ ሸሚዙ አንገት ላይ ያለችው ጨርቅ ናት። አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ሲማታ ከርሞ ሆድ ድርቀት ሆኖ ተገኝቷል። አንዳንዴም ምን እንደሆነ ሳላውቀው ያልፋል፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ።

ስለ ጸበል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙ የኦቲዝም ልጆች የሚጥል በሽታም አለባቸው። እናስጠምቃለን ብላችሁ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ያስከፍላል። ካህን አማክሩ፣ ሐኪም አማክሩ፣ ሁለቱንም ያዙ።

«ከምን መጣ?» የሚለው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ የሚዞረው ወደ ባለቤቴ ነበር። እርጉዝ ሆነሽ ምን አይተሽ ደነገጥሽ? ማንን አስቀየምሽ? የቡዳ ዓይን ነው፣ የውሃ ዳር ጋኔን ነው። ይህ የኛ ኋላ ቀርነት ይመስለኝ ነበር፤ የፈረንጆቹን ታሪክ ሳነብ ግን እነሱም ከዚህ አልተሻሉም። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም ባልቲሞር ውስጥ፣ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተማሩ ሐኪሞች ምክንያቱን የእናቶች ልብ መቀዝቀዝ ነው አሉ። «የማቀዝቀዣ እናቶች» ብለው ስም ሰጧቸው። ፍሪጅ ማለት ነው! ልጇን አቅፋ የምትዞር ሴት በገዛ ሐኪሟ «ልጅሽን ያቀዘቀዝሽው አንቺ ነሽ» ትባል ነበር። ያን ውሸት በማፍረስ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲዝም ልጅ አባት። እ.ኤ.አ. በ1964 ምክንያቱ ከሰውነት አፈጣጠር እንደሆነ ተከራክሮ ጻፈ። አባት ነው ያልኩት ስድስታችሁ እንድትሰሙኝ ነው። (እሱም በኋላ ዘመኑ በክትባት ጉዳይ የተሳሳተ መንገድ ይዟል፤ ሰው ነውና።) ዛሬ የሚታወቀው ትልቁ ድርሻ የዘር እንደሆነ ነው። የእናቱም የአባቱም ዘር።

ክትባቱን ካነሳሁ አይቀር፦ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ ውስጥ በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፣ ዋና ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ወሬው ግን አልተሰረዘም። ሚኒሶታ ያሉ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ወሬውን ሰምተው ልጆቻቸውን ከማስከተብ ተቆጠቡና በ2017 ኩፍኝ በልጆቻቸው ላይ ተዛመተ። ኦቲዝሙም የትም አልሄደ።

አሁን በጣም ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። ልጄ ሦስት ዓመቱ ላይ አንዲት ባለሙያ፣ ክፋት የሌለባት ሴት ናት፣ «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» አለችን። ታዘዝን። እስቲ የኔን እንግሊዝኛ አስቡት፤ ከመኪና ማቆሚያ የተማርኩት ነው። «ቲኬት»፣ «ቁልፍ»፣ «20 ዶላር»፣ «ወደ ኋላ»፣ «ቁም»። ለልጄ የቀረልኝ ቋንቋ ይኸው ሆነ። ቁጭ በል። ተነስ። አቁም። አይሆንም። እሹሩሩ የለ፣ ተረት የለ፣ «የኔ ጌታ» የለ፣ «አፈር ስሆን ብላ» የለ። ባልና ሚስት እርስ በርሳችን በአማርኛ እያወራን፣ ወደ እሱ ስንዞር ቋንቋ እንቀይራለን። ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ሳቅና ቁምነገር ሁሉ የሌላ ሰው መሆኑን በየቀኑ ነገርነው። ሁለት ዓመት ለልጄ አባት ሳልሆን የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ።

ሁለት ቋንቋ የሚሰሙና አንድ ቋንቋ የሚሰሙ የኦቲዝም ልጆችን ያወዳደሩ ጥናቶች በተለያዩ አገሮች ተሠርተዋል። ሁለት ቋንቋ ልጁን እንደማያዘገየው ነው ያገኙት። ይህን የነገረችን ሌላ የንግግር ባለሙያ ናት፤ መኪና ውስጥ ገብተን ባለቤቴ አለቀሰች። በዚያው ማታ «ና የኔ ጌታ፣ እራት ብላ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ጊዜ አያየኝም።

ታብሌቱ አማርኛ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቁልፎቹ ላይ የራሳችንን ድምፅ ቀዳን። «ውሃ»ና «በቃ» በእኔ ድምፅ ናቸው። «ተወኝ» በእህቱ ነው፤ ከእህቱ የተሻለ ማንም አይለውም። እናቴን በስልክ «አንድ ቃል ላኪልን፣ ምን እንቅዳ?» ስንላት ሳታስብ «በርዶኛል» አለች። እሱን ቀዳነው። ልጄ ያን ቁልፍ ለብርድ ብቻ አይጠቀምበትም። ድምፅ ሲበዛበት፣ ካልሲው ሲጠብቀው፣ ትምህርት ቤት ከፍቶት ሲመለስ ይጫነዋል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ የደብረ ብርሃን አሮጊት ድምፅ «በርዶኛል!» ይላል። እኛም ምን እንደበረደው እንፈልጋለን።

የትምህርት ቤቱን ነገር ባጭሩ፤ ወረቀቱ በር ላይ በአማርኛ ስላለ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የአካል ጉዳት ወይም የእድገት እክል ያለበት ልጅ ሁሉ ለእሱ የሚስማማ ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንኳ የሚረዳ ፕሮግራም አለ። ምርመራ ስትጠይቁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተጠየቀ ይረሳል። ስብሰባው አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው፣ ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ የሚወጣበት ነው፤ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው የእነሱ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላላችሁ አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህን ሳናውቅ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያስተረጎመችልን ልጃችን ናት፤ 11 ዓመቷ ነበር። ሰዎቹ ረጅም ያወራሉ፣ እሷ «ደህና ነው ብለዋል» ትላለች። አሁንም ረጅም ያወራሉ፤ «ይረዱታል ብለዋል»። ከዓመት በኋላ ደብዳቤውን ሰው አስነብበን ስንሰማ፣ ያን ቀን ስለ ወንድሟ የተባለውን ሁሉ ብቻዋን ውጣ ቤት እንደገባች ገባን። እኛ እንዳናዝን። እባካችሁ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እህቱንም ወንድሙንም አንዳንዴ ብቻቸውን ይዛችሁ ውጡ፤ አይስክሬም እየበላች ልጄ የነገረችኝን ሌላ የትም አልሰማም ነበር።

ወደ ጓዳው ልመለስ። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ የፋሲካ ዕለት፣ ቤታችን ሰው ጠራን። ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ቀን ተለማመድኩ። እንግዶቹ ሲቀመጡ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «ልጃችን ኦቲዝም አለው። መሳም አይወድም፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሰላም በሉት። ድምፅ ሲበዛበት ክፍሉ ይገባል። ማውራት ሲፈልግ ታብሌቱን ይዞ ይመጣል።» ያን ያህል ነው። ይህን ለማለት አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

ዝም አሉ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። ከዚያ አብሮኝ የሚሠራ ሰው፣ ስምንት ዓመት አንድ ዳስ ውስጥ ቡና የተጋራን ሰው፣ ልታጠብ ብሎ ተነስቶ ኩሽና ጠራኝ። «የኔም ሴት ልጅ» አለኝ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለም። ስምንት ዓመት! ሌሊት ሌሊት እኔም ልጄን ከእሱ ደብቄ፣ እሱም ልጁን ከኔ ደብቆ፣ ስለ ኳስ ስናወራ ነው ያነጋነው።

ቤታችን ብዙ ነገር ተቀይሯል። ዕጣኑ ወደ በረንዳ ወጥቷል፤ የጭስ ማንቂያውም ያመሰግነናል። ወጡ ከእንጀራው ጋር አይነካካም፤ ለልጄ እንጀራው ለብቻ፣ ወጡ በትንሽ ሳህን ለብቻ ነው። ጉርሻ ግን ትልቅ ጠብ ነበር። የሰው እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ያመልጣል፤ ትልልቅ ሰዎች ይቀየማሉ፤ «ናቀን» የሚል ሁሉ አለ። አንድ ቀን እህቱ ገልብጣ አሰበችው። እሱ ያጉርስ! አሁን እንግዳ ሲመጣ እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ በሁለት ጣቱ ያጎርሳል። ትልቅ ነው የሚጠቀልለው። የተቀየመ እንግዳ እስካሁን የለም፤ ትን ያለው ግን አለ።

አገር ቤት ይህን ሁሉ ከኛ ቀድመው በአደባባይ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ዘሚ የኑስን ታስታውሳላችሁ። የውበት ሙያተኛ ነበሩ፣ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ። ልጃቸው ጆጆ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲገፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው «የኔ ልጅ ነው» ማለታቸው ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እሳቸውን አይተው የስንት ሰው ጓዳ እንደተከፈተ መገመት ይቻላል። በአማርኛ የፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አበጅተዋል። ደግ አደረጉ፤ የኛ ፊደል እንደ እንግሊዝኛው አያደናግርም፣ ያየኸውን ትጠራለህ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ አረፉ። ከእሳቸው በኋላም ነህምያን የመሰሉ፣ በወላጆች የተቋቋሙ ማዕከላት አሉ። ልጁ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው።

ማዕከል ቦታ ላላገኙ ዘመዶቻችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ የሚያሠለጥነው የግድ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ዋና ሐሳቡ ልጁን ከቤት ሥራና ከጨዋታ ጋር ማስተማር ነው። ሽንኩርት ስትልጪ አጠገብሽ አስቀምጪው፣ ልጣጩን ይሰብስብ፣ ስትሰጪው ስሙን ጥሪለት፣ ዓይኑን ወይ እጁን ጠብቂ። እናቴ በረንዳ ላይ በሳህኑ ውሃ ያደረገችው ማለት ነው።

«ተቀበሉት» ሲባል «ተዉት» የተባለ የሚመስላቸው አሉ፤ በተለይ አባቶች። እኛ አልተውንም። የንግግር ሕክምናው ዛሬም አለ። ዋና አስተምረነዋል፤ ብዙ የኦቲዝም ልጆች ከቤት ወጥተው የመጥፋት ጠባይ አላቸው፣ ውሃ ደግሞ ይስባቸዋል፣ ብዙ ልጅ በውሃ ይሞታል። ዋናን ከፊደል በፊት አስተምሩ ብል ደስ ይለኛል። እምቢ ያልነው «አድነዋለሁ» ባዩን ነው። ገና ምርመራው በታወቀ ዓመት ስንት ሰው በራችንን አንኳኳ! ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባል የማንጫ ኬሚካል «መድኃኒት ነው» ብለው ለወላጅ የሚሸጡ አሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አትጠጡት ብሎ አስጠንቅቋል። ለልጁ ማንጫ! የአንድ ወር ደመወዜን ሊወስድብኝ የነበረውን ሰውዬ ያባረረችው ባለቤቴ ናት። እኔ ገንዘቡን ቆጥሬ ጨርሼ ነበር።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አራት ዓመቱ ላይ እጁን ሲያርገበግብ ሰው ፈገግ ይልለት ነበር። አሁን ቁመቱ እኔን አክሏል፣ ጥቁር ነው፣ ድምፁ ጎርንኗል፤ መንገድ ላይ ያንኑ እጁን ሲያርገበግብ ሰው ቦርሳውን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰሜን ማያሚ ውስጥ አንድ ኦቲዝም ያለው ወጣት የመጫወቻ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጫወቻውን ሽጉጥ ነው ያለ ሰው ለፖሊስ ደወለ፤ አጠገቡ እጁን ወደ ላይ አንስቶ የተኛው ተንከባካቢው በፖሊስ ጥይት ተመታ። ተንከባካቢው ጥቁር ነው፤ ተርፏል። እኛ ሰፈር ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ልጄን አስተዋውቄያለሁ፤ ፎቶውንም ሰጥቻለሁ። ጎረቤቶቻችንን በር ለበር እያንኳኳሁ ነግሬያለሁ። ይህን ሁሉ ልጁን እየደበቅሁ ማድረግ አልችልም ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ልጅ መሆን አለበት፤ ሱቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ አውቶቡስ ሾፌሩም። ስሙን ጠርቶ «ና የኔ ልጅ፣ አባትህ ጋ ልውሰድህ» የሚል ሰው በየመታጠፊያው እፈልጋለሁ፤ እንደ ድሮው ሰፈራችን።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ቅዳሴ ላይ ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ጥግ ሰጥተውናል። ከበሮው ሲጀመር እንወጣለን፣ ሲያልቅ እንገባለን። አንዳንድ ሰው አሁንም ዞር ብሎ ያየናል። አንዲት እናት ግን ባለፈው እሑድ ጥጋችን ላይ ሌላ ልጅ ይዛ መጥታ ቆመች። ምንም አላወራንም። ልጆቹም አልተያዩም፤ ሁለቱም ምንጣፉን ነው የሚያዩት።

9፡57 ይላል ሰዓቴ። ጥያቄ ያላችሁ መኪናው ጋ ድረስ አብራችሁኝ መሄድ ትችላላችሁ፤ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ እያንዳንዱን የመኪና ታርጋ ያነባል። አባቶች በተለይ ኑ። ይኸው በሩ ተከፍቷል፤ ጃኬቱን ለብሷል። መጣሁ፣ መጣሁ።